ድካምና ሥጋት፤ መኪና ስለማይገባባቸው የተራራ መንገዶች

መንገድ የጀመረ ሰው ከስንቁና ከልብሱ ሌላ ሁለት ሸክም ይዞ ይወጣል። አንደኛው ድካም ነው፤ ሁለተኛውም ሥጋት ነው። ድካም ከዳገቱ፣ ከፀሐዩና ከመንገዱ ርዝመት ይመጣል፤ ሥጋት ደግሞ ክፉ ነገር ይደርስብኛል ብሎ ከመጨነቅ ይመጣል። በቀድሞ ዘመን የነበሩ መንገደኞች ሁለቱን በአንድነት ይቀበሉ ስለ ነበር፣ ብዙ ሰው እስከ ዛሬ ድረስ ለያይቶ አይመለከታቸውም። ከሩቅ የመጣውን እንግዳ «እንኳን በደኅና ገቡ» ብለን ስንቀበለው፣ የምናመሰግነው ከሁለቱም ሸክሞች በማረፉ ነው።

ይሁን እንጂ ሁለቱ ሸክሞች በጠባያቸው እጅግ የተለያዩ ናቸው። የዚህም ጽሑፍ አሳብ ይህን ልዩነት መመርመር ነው። ምርመራው ባዶ ቃል እንዳይሆን አንድ ምሳሌ መርጠናል፤ ይኸውም በአውሮፓ፣ በአልፕስ ተራሮች ውስጥ፣ ለብስክሌት መንገደኞችና ለእግረኞች ተለይተው መኪና የማይገባባቸው መንገዶች ናቸው። እነዚህን መንገዶች ብዙ ሰዎች ያመሰግኗቸዋል፤ ሌሎች ግን «ተራራን ያለ ፍርሃትና ያለ ብርቱ ድካም የሚሻገር ሰው ከተራራው ምን ይማራል?» ብለው ይነቅፋሉ። ነቀፌታው ቀላል አይደለም። መንገድን እንደ ትምህርት ቤት ለሚቈጥር ሰው፣ ይልቁንም ሩቅ አገር አቋርጦ በእንግዳ ማረፊያ ለሚያድር ሰው፣ ጥያቄው የራሱም ጥያቄ ነው።

አስቀድመን መንገዶቹ ከምን እንደ ተገኙ እንመልከት። በተራራ አገር አዲስ መንገድ መቅደድ ብዙ ገንዘብ ስለሚጠይቅ፣ ከእነዚህ መንገዶች አያሌዎቹ ቀድሞ ለሌላ ሥራ ተሠርተው ኋላ የተተዉ ናቸው። ከፊሎቹ ሐዲድ የተነሣባቸው የባቡር መስመሮች ናቸው፤ ከፊሎቹ ዋናው መንገድ በዋሻ ውስጥ ከገባ በኋላ ከላይ የቀሩ የሠረገላ መንገዶች ናቸው፤ ከፊሎቹም የወንዝ ዳርና የእርሻ መንገዶች ናቸው። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው የባቡሩ መስመር ነው። የብረት መንኰራኵር በብረት ሐዲድ ላይ ሲሄድ የመቈንጠጥ ኀይሉ ጥቂት ስለ ሆነ፣ ባቡር ብርቱ ዳገት መውጣት አይችልም። ስለዚህ መሐንዲሶቹ በ100 ሜትር ርዝመት ከ2 ወይም ከ3 ሜትር እምብዛም የማይበልጥ ከፍታን ለመጠበቅ ሲሉ፣ ተራራውን በዋሻ በሱ፤ ገደሉን በድልድይ ተሻገሩ፤ ሸለቆውንም በዝግታ እየዞሩ ወጡ። ይህን ሁሉ ያደረጉት ለሎኮሞቲቩ ድክመት ብለው ነበር። ዛሬ ግን ያ ልዝብ ዳገት ለሽማግሌው ጕልበትና ለሕፃኑ እግር ልክ ሆኖ ተገኘ። የአንዱ ድክመት ለሌላው ምሕረት ሊሆን እንደሚችል ከዚህ እንማራለን።

ከእነዚህ መንገዶች አንዱ ከኦስትሪያ ከተማ ከሳልዝቡርግ ተነሥቶ በአድሪያቲክ ባሕር ዳር እስካለችው እስከ ጣሊያኗ ከተማ እስከ ግራዶ ይደርሳል። የአልፕስና የአድሪያ የብስክሌት መንገድ ይባላል፤ ርዝመቱም ከ400 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ሁሉም ክፍሉ ከመኪና የተለየ አይደለም፤ በአንዳንድ ስፍራ የመንደር መንገድ ይጋራል። ትልቁን የታወርን ተራራ ሰንሰለት ብስክሌተኛው በፔዳል አይወጣውም፤ በ1909 ዓ. ም. በተከፈተው፣ ከ8 ኪሎ ሜትር በሚረዝመው የባቡር ዋሻ ውስጥ ብስክሌቱን በባቡር ጭኖ ከቦክሽታይን ወደ ማልኒትስ ይሻገራል። (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር እንጽፋለን።) ከዚያ በፊላህ አልፎ የጣሊያንን ወሰን ሲሻገርና ከታርቪዚዮ ቍልቍል መውረድ ሲጀምር፣ በ1879 ዓ. ም. የተፈጸመውን የፖንቴባን የባቡር መስመር ያገኛል።

የባቡሩ ሥራ በኋላ ዘመን በተራራው ሆድ ውስጥ ወደ ተቈፈሩ አዳዲስ ዋሻዎች ስለ ተዛወረ፣ አሮጌው መስመር እስከ 2000 ዓ. ም. ድረስ ባለው ጊዜ ተዘጋ፤ ስፍራውም በኋላ ለብስክሌት ተደለደለ። አሁን መንገደኛው በፌላ ወንዝ ላይ የተዘረጉትን የብረት ድልድዮች በብስክሌት ይሻገራል፤ ባቡር ይጮኽባቸው በነበሩ ዋሻዎች ውስጥ ያልፋል፤ በኪዩዛፎርቴም በቀድሞዋ የባቡር ጣቢያ ዐርፎ ውኃ ይጠጣል፤ እህልም ይቀምሳል። በዚያው ጠባብ ሸለቆ ውስጥ ሦስት መንገዶች ጐን ለጐን ይወርዳሉ፤ አውራው የመኪና መንገድ በረጃጅም ድልድዮች ላይ፣ አዲሱ ባቡር በዋሻ ውስጥ፣ ብስክሌተኛውም በአሮጌው መስመር ላይ። ሦስቱም ወደ አንድ ሜዳ ይደርሳሉ፤ ነገር ግን ሦስቱ መንገደኞች ያዩት አገር አንድ አይደለም።

በአውራው መንገድ የሚሄደው ሰው ቬንዞኔ የምትባለውን ከተማ ስሟን በሰሌዳ ላይ አንብቦ ያልፋል። በብስክሌት የሚሄደው ግን ወደ ግንብ ቅጥሯ ጥላ ይጠጋል። ይህች ከተማ በሜይ ወር 1976 ዓ. ም. በፍሪዩሊ አገር በደረሰውና ወደ 1000 የሚጠጋ ሰው በገደለው የመሬት መንቀጥቀጥ ተጐዳች፤ በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ደግሞ ሁለተኛው መናወጥ የተረፈውን አፈረሰ። ሕዝቧም የፈረሰውን ካቴድራል ድንጋይ እየለየ፣ እየቈጠረ፣ ወደ ቀድሞ ስፍራው መለሰ። ይህን ለማወቅ ማንበብ ይበቃል፤ የተጠገነውን ግንብ በእጁ ዳስሶ የሚያልፈው ግን በዝግታ የሚሄድ ሰው ነው። ዝግታም ያለ ደኅንነት አይገኝም፤ ከኋላው የሚያስጨንቀው ያለበት መንገደኛ ዐይኑን ወደ ተራራው አያነሣምና።

ሁለተኛው ምሳሌ በዶሎሚቲ ተራሮች መካከል ከካላልዞ ተነሥቶ በኮርቲና ዳምፔዞ በኩል እስከ ዶቢያኮ የሚደርሰው መንገድ ነው። ርዝመቱ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ከፍተኛው ስፍራ ቺማባንኬ የተባለው፣ 1530 ሜትር ከፍታ ያለው የተራራ በር ነው። ይህ መስመር የጦርነት ልጅ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጣሊያኖች ከደቡብ፣ ኦስትሪያውያንም ከሰሜን ለየግንባራቸው ስንቅና ጥይት የሚያደርስ ጠባብ ሐዲድ ዘረጉ። ከጦርነቱ በኋላ የሁለቱ ወገን ሥራ ተጋጥሞ በ1921 ዓ. ም. ለሕዝብ የሚያገለግል ባቡር ሆነ፤ በ1956 ዓ. ም. በኮርቲና ለተደረገው የክረምት ኦሎምፒክ እንግዶችን አመላለሰ፤ በ1964 ዓ. ም. ተዘጋ። ዛሬ በበጋ አባትና እናት ልጆቻቸውን አስከትለው በብስክሌት ይሄዱበታል፤ በክረምትም ከኮርቲና እስከ ዶቢያኮ ባለው በረዶ ላይ በስኪ የሚንሸራተቱ ሰዎች ያልፉበታል። በዶቢያኮ አቅራቢያ የወደቁ ወታደሮች መቃብር አለ፤ የሕፃናት ሳቅ በዚያ አጠገብ ያልፋል።

ለጦር የተዘረጋ መንገድ ለሕፃናት መጓዣ ሲሆን ማየት ደስ ያሰኛል። ነገር ግን መንገዱ በራሱ ጻድቅ አልሆነም። የተለወጠው በላዩ እንዲሄድ የተፈቀደለት ነገር ነው። መንገድ እንደ ቢላዋ ነው፤ ጥቅሙና ጕዳቱ በያዘው እጅ ይወሰናል።

እንግዲህ ወደ ነቀፌታው እንመለስ። ነቃፊው እንዲህ ይላል፤ «መከራ የሌለበት መንገድ ዋጋ የለውም። አባቶቻችን ገደልና ሽፍታ፣ ረኃብና አውሬ ሳይሉ ሄደዋል። መንገዱን አለስልሳችሁ፣ አደጋውን አርቃችሁ ስትሰጡን ሰውን ታሳንፋላችሁ።» በዚህ ቃል ውስጥ እውነት አለ፤ ነገር ግን ቃሉ ሁለቱን ሸክሞች ያደባልቃል።

ድካም ምንድን ነው? ተራራው ለመጣው ሁሉ በግልጥ የሚያቀርበው ጥያቄ ነው። ዳገቱ ባለጠጋውንና ድኻውን አይለይም፤ የሚወጣውም ሰው አስቀድሞ ዐይቶትና መዝኖት ይቀበለዋል። ቢደክመው ይቀመጣል፤ ቢበረታ ይቀጥላል፤ ባይችል ይመለሳል። በድካሙ ውስጥ የራሱን ልክ ያውቃል፤ ትዕግሥትንም ይማራል፤ ከላይ ሲደርስ ድካሙ ተፈጽሞ ወደ ደስታ ይለወጣል።

ሥጋት ግን እንዲህ አይደለም። በጠባብ የተራራ መንገድ ላይ ከኋላ የሚመጣው ካሚዮን ብስክሌተኛውን ምንም አልጠየቀውም፤ እንዲያውም መኖሩን ላያውቅ ይችላል። በአውሮፓ የከባድ ካሚዮን ክብደት ከነጭነቱ እስከ 40 ቶን ይደርሳል፤ ብስክሌተኛው ከነብስክሌቱና ከነጓዙ 100 ኪሎ ግራም ቢመዝን፣ ያ ካሚዮን 400 እጥፍ ይከብደዋል ማለት ነው። የሚሮጥ ነገር ኀይልም ከፍጥነቱ ይልቅ ፈጥኖ ያድጋል፤ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ፍጥነቱን ወደ 60 ቢያሳድግ፣ ፍጥነቱ 2 እጥፍ ሲሆን ሲገጭ የሚያወርደው ኀይል 4 እጥፍ ይሆናል። ከእንዲህ ያለ ኀይል ፊት የመንገደኛው ትዕግሥት ምን ያደርግለታል? ጕብዝናውስ? ብልኁና ሞኙ፣ ደጉና ክፉው፣ ሁሉም በዚያ መንገድ ጠርዝ ላይ እኩል ደካሞች ናቸው። ሥጋት የሚያስተምረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም ወደ ጠርዙ መጠጋትን ነው።

ስለዚህ ድካም ሰው ከተራራው ጋር የተዋዋለው ውል ሲሆን፣ ሥጋት አንዱ ሰው በሌላው ላይ የጫነው ዕዳ ነው። ውሉን መፈጸም ክብር ነው። ዕዳውን ግን የጫነው ሰው ሊያነሣው ይገባል እንጂ፣ የተጫነበት ሰው «ታገሥ፤ ዋጋ ታገኝበታለህ» ሊባል አይገባውም። የራስን ችኮላ በሌላው ሰው ትዕግሥት ላይ መገንባት፣ ምክር የለበሰ ግፍ ነው።

ይህ አሳብ አዲስ እንዳይመስለን የጥንቱን እንመልከት። በስዊስና በጣሊያን ወሰን ላይ ታላቁ ቅዱስ በርናርድ የሚባል፣ 2469 ሜትር ከፍታ ያለው የተራራ በር አለ። በ11ኛው መቶ ዓመት የአዎስታ ሊቀ ዲያቆን የነበረው በርናርድ በዚያ ስፍራ የመንገደኞች ማረፊያ ቤት አቆመ፤ በማኅበር የሚኖሩ ካህናትም እስከ ዛሬ ድረስ ቤቱን ይጠብቃሉ። ሥራቸው በበረዶ ናዳ የተቀበረውን ፈልጎ ማውጣት፣ በጭጋግ መንገድ የጠፋበትን መምራት፣ የበረደውን ማሞቅ፣ የተራበውን ማብላት ነበር፤ በዓለም የታወቁት ትልልቅ ውሾቻቸውም በዚህ ይረዷቸው ነበር። እነዚህ ሰዎች ዳገቱን አላነሡም፤ ሊያነሡትም አይችሉም ነበር። ያነሡት ሥጋቱን ነው። «ማረፊያው መንገደኛውን አሳነፈው፤ በበረዶ የመሞትን ዋጋ አሳጣው» ብሎ የሚነቅፋቸው ሰው ቢገኝ፣ እናዝንለት ነበር። እንግዲህ በበረዶው ፈንታ ብረት፣ በናዳው ፈንታ ፍጥነት ቢመጣ፣ ሥራው ያው ነው። መኪና የማይገባበትን መንገድ የሚከፍት የአውራጃ ሹም፣ ምናልባት ሳያውቀው፣ የእነዚያን ማረፊያ ቤቶች አገልግሎት ያገለግላል።

ደግሞም «መንገዱን ለመኪና ዘጉት» ማለት ብቻውን ትክክለኛ አነጋገር አይደለም። ሮማውያን በንጉሡ በቀላውዴዎስ ዘመን፣ በአንደኛው መቶ ዓመት አጋማሽ፣ አልፕስን በሬሸን በር በኩል የሚያቋርጥ ቪያ ክላውዲያ አውጉስታ የተባለ መንገድ አበጁ። ዛሬ በዚያ ስም የሚጠራ ረጅም የብስክሌት መንገድ አለ፤ በአዲጄ ወንዝ ሸለቆም በአፕል ተክል መካከል ለመኪና ባልተፈቀደ መንገድ ይወርዳል። ያ ጥንታዊ መንገድ ከ1800 ዓመት በላይ የእግረኛ፣ የበቅሎና የጋሪ መንገድ ነበር። ካርል ቤንትዝ ለመኪናው የፈጠራ መብት ያወጣው በ1886 ዓ. ም. ነው። እንግዲህ በመንገድ ላይ እንግዳው ማን ነው? ባለቤቱስ ማን ነው? በዘመናት ሚዛን ቢመዘን፣ መንገድን ለዘገምተኛው መለየት አዲስ ስጦታ መስጠት ሳይሆን የተወሰደውን ከፍሎ መመለስ ነው።

ነገር ግን ነቃፊው ሁለተኛ ቃል አለው። «ሥጋቱን ማንሣት መልካም ነው እንበል፤ የባቡሩ መስመር ግን ድካሙንም አነሣ። ተራራውን በዋሻ አልፎ ተራራ ተሻገርሁ የሚል ሰው ራሱን አያታልልምን?» ይላል። ለዚህ የምንመልሰው፣ ብርቱ ዳገት ለሚፈልግ ሰው ተራራው አልተዘጋበትም ብለን ነው። በሰሜን ጣሊያን ያለው የስቴልቪዮ መንገድ ከ1820 እስከ 1825 ዓ. ም. በመሐንዲሱ በካርሎ ዶኔጋኒ መሪነት ተሠራ። ከፕራቶ ወገን 48 መታጠፊያዎች አልፎ 2757 ሜትር ከፍታ ላይ ይደርሳል፤ በ25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ውስጥ 1800 ሜትር ያህል ያስወጣል። በዓመት አንድ ቀን፣ በበጋው መጨረሻ ግድም፣ ይህ መንገድ ለሞተር ተዘግቶ ለብስክሌተኞች ይለቀቃል። በዚያ ቀን ከዳገቱ አንዲት ስንዝር አትቀነስም፤ የሚቀነሰው ጩኸቱና ሥጋቱ ነው። ወጣቱም ሽማግሌውም በየዐቅሙ ይወጣል፤ በየመታጠፊያው ቆሞ የሚተነፍሰውን የሚያስጨንቀው የለም። ሁለቱ ሸክሞች ሊለያዩ እንደሚችሉ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

ልዝቡ መንገድ ደግሞ ለሌላ ሰው ነው። ከዶቢያኮ አካባቢ ተነሥቶ የድራው ወንዝን ተከትሎ ወደ ኦስትሪያ ከተማ ወደ ሊየንትስ የሚወርደው መንገድ በ45 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ውስጥ 500 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል፤ ብዙ ቤተ ሰቦች በብስክሌት ወርደው በባቡር ይመለሳሉ። ልቡ የታመመ ሰው፣ ጕልበቷ የደከመ እናት፣ ገና መንዳት የሚለማመድ ልጅ ተራራን የሚያዩት በእንዲህ ያለ መንገድ ነው። በኤሌክትሪክ ሞተር የሚታገዘው ብስክሌትም እንዲሁ ያገለግላቸዋል። እነዚህን ሰዎች «አልደከማችሁምና አላያችሁም» ማለት ጽድቅ ይመስላል፤ ትዕቢት ግን ነው። ድካም የሚለካው በተራራው ከፍታ ሳይሆን በሰውየው ዐቅም ነውና፣ ለአንዱ ስቴልቪዮ ሲቀልለት፣ ለሌላው በ100 ሜትር የ2 ሜትር ዳገት የመጨረሻ ኀይሉን ይጠይቀዋል። ይህን ከተናገርን በኋላ ለነቃፊው የሚገባውን እንስጠው፤ መድከም የሚችል ሰው ድካምን ሁልጊዜ ከሸሸ፣ መንገዱ ከወንበር አይለይበትም። ልዝቡ መንገድ ለደካማው መብት ነው፤ ለብርቱው ግን ምርጫ ነው፤ ስለ ምርጫውም ራሱን ሊጠይቅ ይገባል።

ሦስተኛው ጥያቄ ከሁለቱ ይከብዳል፤ የፍትሕ ጥያቄ ነውና። የመንገደኛው ጸጥታ የተገዛው በማን ዋጋ ነው? በስዊስ አገር በጎታርድ ተራራ ላይ ትሬሞላ የሚባል አሮጌ መንገድ አለ፤ በድንጋይ የተነጠፈ ሲሆን 24 መታጠፊያዎች አሉት። መኪና ጨርሶ ባይከለከልበትም የሚያልፍበት ጥቂት ስለ ሆነ፣ ብስክሌተኞች የመንኰራኵራቸውን ድምፅ እየሰሙ ይወጡታል። ይህ ጸጥታ ከየት መጣ? ከላይ ሰፊ መንገድ በሌላ በኩል ስለ ተሠራ፣ ይልቁንም በ1980 ዓ. ም. 17 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም የመኪና ዋሻ ከተራራው በታች ስለ ተከፈተ ነው። ነገር ግን መኪናው ከተራራው ራስ ላይ ጠፋ እንጂ ከምድር አልጠፋም። ወደ ዋሻው የሚገባውና ከዋሻው የሚወጣው ሁሉ በሸለቆዎቹ በሚኖሩ ሰዎች ደጃፍ ያልፋል። ከላይ ያለው ብስክሌተኛ ስለ ጸጥታው ሲያመሰግን፣ ከታች ያለው ገበሬ መስኮቱን ይዘጋል።

የስዊስ ሕዝብ በፌብሩዋሪ 1994 ዓ. ም. በሰጠው ድምፅ፣ አልፕስን አቋርጦ ከወሰን እስከ ወሰን የሚያልፈው የንግድ ጭነት ከመንገድ ወደ ባቡር እንዲዛወር ወሰነ፤ በ2016 ዓ. ም. ደግሞ 57 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው የጎታርድ የባቡር ዋሻ ተከፈተ። ሥራው ገና አልተፈጸመም፤ ብዙ ካሚዮን እስከ ዛሬ ያልፋል። አሳቡ ግን ቀና ነው። ሥጋትንና ጩኸትን ከአንዱ ደጃፍ ወደ ሌላው ደጃፍ ማዛወር አይበቃም፤ ከሥሩ መቀነስ ይገባል።

እንዲህ ያለውን ሒሳብ የሚያስታውስ ሌላ ስፍራ ከላይ ባነሣነው በሬሸን በር አጠገብ አለ። በዚያ ብስክሌተኞች ዳር ዳሩን የሚሄዱበት ሐይቅ አለ፤ ከውኃውም መካከል አንድ የቤተ ክርስቲያን ደወል ቤት ብቻውን ቆሞ ይታያል። በ1950 ዓ. ም. ኤሌክትሪክ ለማመንጨት ውኃው ሲገደብ ግራውን የተባለችው መንደር ሰጠመች፤ ሕዝቧም ቤቱንና እርሻውን ለቆ ወጣ። መንገደኞች ደወል ቤቱን እያዩ ያደንቃሉ። ማድነቁ ክፉ አይደለም፤ ነገር ግን ለሩቅ ሰው ምቾት ሲባል የቅርብ ሰው ቤት እንደ ጠፋ ደወል ቤቱ ይመሰክራል። መልካም ነገር ሁሉ የተከፈለበት ዋጋ አለው፤ የከፈለውን ሰው ሳያውቁ መደሰት ግማሽ ምስጋና ነው።

ወደ እነዚህ መንገዶች የምንደርስበትም ሁኔታ በዚሁ ይመረመራል። ብስክሌቱን በመኪናው ጣራ ላይ ጭኖ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር በአውራ መንገድ ከሮጠ በኋላ፣ መኪናውን በብስክሌቱ መንገድ ደጃፍ አቁሞ «እነሆ ከመኪና ዐረፍሁ» የሚል ሰው፣ ለራሱ የፈለገውን ዕረፍት ስንት መንደር አሳጥቶ እንደ መጣ ያስብ። ባቡር በሚደርስበት ስፍራ በባቡር መምጣት ይሻላል። መንገድን የሚዘጉ ሹማምንትም የገበሬው ትራክተርና የበሽተኛው አምቡላንስ መግቢያ እንዳያጡ ሊጠነቀቁ ይገባል፤ የመንገደኛው ዕረፍት ለነዋሪው መከራ ከሆነ ሥጋቱ ቦታ ለወጠ እንጂ አልተነሣምና።

እስካሁን ስለ መኪና ተናገርን። አሁን ስለ ብስክሌተኛው እንናገር። መኪና በተከለከለበት መንገድ ላይ ኀይለኛው ማን ነው? ብስክሌተኛው ነው። ትናንት በአውራው መንገድ ጠርዝ ላይ የተንቀጠቀጠው ሰው፣ ዛሬ በአሮጌው ሐዲድ ቍልቍለት በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ሲወርድ፣ ምርኵዝ ይዛ የምትሄደው አሮጊት፣ የእናቱን እጅ ለቆ የሮጠው ሕፃን፣ ጆሮው የማይሰማው እግረኛ ከፊቱ አሉ። ደወሉን በቍጣ እየደወለ በመካከላቸው ቢያልፍ፣ የሸሸውን ሥጋት በራሱ መንኰራኵር ይዞት ገባ ማለት ነው። ለእነርሱ እርሱ ካሚዮን ነው።

ከግፍ ያመለጠ ሰው ሁሉ የሚፈተነው በዚህ ነው። ደካማ በነበረ ጊዜ የፈለገውን ፍትሕ፣ ብርቱ በሆነ ጊዜ ለሌላው ይሰጣልን? ብዙዎቻችን ፍትሕን የምንወድ ይመስለናል፤ ብንመረመር ግን የምንወደው ከአደጋ መዳንን ብቻ ሆኖ ይገኛል። ሁለቱ የሚለዩት ከእኛ የሚዘገይ ሰው ከፊታችን በተገኘ ጊዜ ነው። በዚያን ጊዜ ፍሬኑን የያዘ እጅ ስለ ፍትሕ ብዙ ከተናገረ አፍ ይልቃል። አባቶቻችን «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ያሉት ስለ ቸኳዩ ጕዳት ነው፤ በመንገድ ላይ ግን ቸኳዩ የሚያፈሰው የሌላውን ደም ሊሆን ይችላል፤ ያም ተመልሶ አይለቀምም።

በመንገዱ አፍ ላይ የተተከለ ግንድና የተጻፈ ሰሌዳ መኪናን ሊከለክሉ ይችላሉ። ችኮላን የሚከለክል ግንድ ግን በማንም አገር አልተተከለም። እርሱን በልቡ ደጃፍ ላይ መትከል የእያንዳንዱ መንገደኛ ሥራ ነው።

አንባብያን ሆይ፤ ከእናንተ ብዙዎቻችሁ ወደ አልፕስ አትሄዱ ይሆናል፤ ብስክሌትም አትነዱ ይሆናል። ነገሩ ግን ከመንኰራኵር ይሰፋል። በጠባብ ደረጃ ላይ ስንወጣ፣ በበዓል ቀን በሕዝብ መካከል ስናልፍ፣ በማረፊያ ቤት ተራችንን ስንጠብቅ፣ ሁልጊዜ ከፊታችን የሚዘገይ፣ ከኋላችንም የሚቸኩል አለ። እያንዳንዳችን ለአንዱ እግረኛ፣ ለሌላው ካሚዮን ነን።

እንግዲህ ከተነሣንበት ጥያቄ የምናገኘው መልስ ይህ ነው። ከሥጋት ነጻ የሆነ መንገድ መፈለግ ስንፍና አይባልም፤ እንዲህ ያለውን መንገድ ለሌላው መክፈትም ከፍትሕ እንጂ ከምጽዋት አይቈጠርም። ድካምን እያንዳንዱ እንደ ዐቅሙ ለራሱ ይቀበል፤ ሥጋትን ግን ከሌላው ላይ ያንሣ። ሁለቱን ለይቶ ያወቀ ሰው በማናቸውም መንገድ ቢሄድ በደኅና ይገባል፤ በፊቱ በዝግታ የሚሄደውም በእርሱ ምክንያት ሳይደነግጥ በደኅና ይገባል።